ጂፑ ያልተሰበረበት ቀን

ደሴ ላይ ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይ፣ ከቤቴ በታች ባለችው ጎማ ቤት ደጃፍ ሳልፍ አንዳንድ ቀን የራሰ ሸራና የቤንዚን ሽታ ተደባልቆ ይመጣብኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ሸፍኖ ያልፋል፤ እኔ ግን ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ቆም እላለሁ፣ መካነ ሰላም ያለው ግቢያችን ይመጣብኛል፣ ሁለቱ ጂፖች ጎን ለጎን እንደቆሙ፣ አባቴ ከአንደኛው ሥር ተጋድሞ እግሮቹ ብቻ እየታዩ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

አባቴ ይመር ይባል ነበር፤ ከተማው የሚያውቀው ግን «አስር አለቃ» በሚለው ስም ነው። አባቱ፣ ማለት አያቴ ቄስ ወልደ ሚካኤል፣ ድቁና ተቀብሎ እንዲተካቸው ቆሎ ተማሪ ቤት ቢያስገቡት፣ ዳዊት ሳይደግም ጠፍቶ ወታደር ሆነ፤ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ በጦሩ ጋራዥ መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ወገቡ ሲጎዳ አሰናበቱት። በዚያው ሰሞን ጦሩ ያረጁ ጂፖቹን በጨረታ ይሸጥ ስለነበር፣ አባቴ መሰናበቻውን ይዞ ሄዶ ሁለት ገዛ፤ አንዱ የሚነሳ፣ ሌላው የማይነሳ። «አንዱ እንዲሄድ፣ አንዱ እንዲታረድ» ይል ነበር። የማይነሳውን በሰንሰለት አስሮ፣ ከእሱም ኋላ አንዲት የወታደር ተሳቢ አስከትሎ፣ ከደሴ መካነ ሰላም ሦስት ቀን ሙሉ ጎትቶ አመጣቸው። እናቴ የሺ በር ላይ ቆማ፣ «አንተን ጦሩ ለቀቀልኝ ብዬ ስለቴን ሳገባ፣ እነዚህን አስከትለህ መጣህ?» እንዳለችው ራሱ እየሳቀ ያወራልን ነበር።

ክረምት ክረምት መንገዱ በጭቃ ይዘጋ ስለነበር ጂፑ የትም አይሄድም፤ ያ ጊዜ የአባቴ የጥገና ወቅት ነበር። በሸራው ሥር ተቀምጦ፣ ዝናቡ ከላይ እየደበደበው፣ የማይነሳውን ጂፕ ሥጋ እንደሚያወራርድ ሰው ብልት በብልት እያወጣ፣ በቤንዚን እያጠበ፣ የሚጠቅመውን ለሚነሳው ይገጥም ነበር። ያልተገኘውን ከቤት ይፈጥራል፤ ጭነቱን የሚሸከመውን የተሰነጠቀ ባሌስትራ በእርጥብ የበሬ ጠፍር ጠምዝዞ ያስረዋል፣ ጠፍሩ ሲደርቅ ብረቱን እንደ መዳፍ ጨብጦ ይይዘዋል። እኔ ብቸኛ ልጁ ስለነበርኩ ከአጠገቡ አልጠፋም ነበር፤ ሞተሩን አስነስቶ ዓይኔን ያስጨፍነኝና፣ «ሙሉዬ፣ ምን ይላል?» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማኝ። እያደር ግን ያሳለውን ካንዴላ፣ የላላውን ብሎን፣ የደረቀውን ጎማ በድምፁ መለየት ጀመርኩ፤ ወሬው ከግቢያችን ወጥቶ «የአስር አለቃ ልጅ መኪና ትሰማለች» ተብሎ ገበያ ላይ ይወራብኝ ነበር፣ እኔም እኮራ ነበር።

የማይነሳው ጂፕ ያን ያህል የተጣለበት ምክንያት አንድ ብረት ነበር። ከኋላ ጎማዎች መካከል የሚሄድ፣ ጎማውን የሚያዞር፣ የሰው ክንድ የሚያህል ዘንግ አለ፤ መካኒኮች ሴሚያስ ይሉታል። የግራው ተሰብሮ ከሁለት ተከፍሎ ነበር። አባቴ ቀኙን ለክፉ ቀን አስቀምጦ፣ ስባሪውን ብረት ብረት ነው ብሎ ጎተራው ሥር ወርውሮት ነበር።

ክፉው ቀን መጣ። በልጉ ጠል እንኳ ሳይጥል አለፈ፤ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ፣ የዘነበውም በረዶ ነበር። እኛ ደጋው ላይ ያለነው ገብስና ባቄላ ጥቂት ጥቂት አገኘን፤ ከታች ቆላው ግን ባዶውን ቀረ። ከጥቅምት ጀምሮ ሰዎች ገደሉን እየወጡ ይመጡ ጀመር። መጀመሪያ ወንዶች ብቻ ለሥራ መጡ፤ ቀጥሎ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ደግሞ ወንድ የሌለበት ቤተሰብ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ይደረደሩና ጠዋት ጠዋት አያቴ ከቅዳሴ ሲወጡ ያልተነሱትን እየቀሰቀሱ ያልፉ ነበር። የማይቀሰቀስም ነበር። እናቴ ባቄላ ትቀቅልና በሰፌድ ይዛ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ሰፌዱ ባዶ ነው፣ ፊቷም አይታይም፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ትሸፍነው ነበርና።

በዚያው ኅዳር ላይ ቀኛዝማች አባቴን አስጠሩት። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ በአካባቢው ሰፊ መሬት የነበራቸው፣ የእኛም ቤት የቆመበት ቦታ ጌታ የነበሩ ሰው ናቸው። በቆላው ክፉ ቢሆንም የደጋው ጭሰኛ ሲሶውን ገብሮ ጎተራቸው ሞልቶ ነበር። አባቴ ይዞኝ ሄዶ ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ይመር፣ ደሴ ላይ እህል እንደ ወርቅ ሆኗል አሉ» አሉት። «የጭነት መኪና በዚህ መንገድ አልመጣም ብሏል። ያንተ ጂፕ ግን ከነተሳቢዋ ትወጣዋለች።»

«ጌታዬ፣ አቀበቱ ከባድ ነው። ባሌስትራውም በጠፍር ነው የቆመው።»

«አቀበቱን አውቀዋለሁ» አሉት ቀኛዝማች፣ ሳይቆጡ፣ እንዲያውም ፈገግ ብለው። «ቤትህ የቆመበትንም ቦታ አውቀዋለሁ።»

አባቴ እጅ ነስቶ ወጣ። በሳምንቱ የመጀመሪያውን ጭነት ጫነ።

አራት ጊዜ ሄደ። በኅዳር፣ በታኅሣሥ፣ በጥር ሁለት ጊዜ። ከጎኑ የቀኛዝማች ወኪል ባሻ ደምሴ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሀል አቁሞ ይቀመጥ ነበር፤ ባሻ ደምሴ ረጅም፣ ጥቁር፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነበር፣ ሲሶ ሲሰበሰብ በየአውድማው ቆሞ የሚያሰፍር እሱ ስለነበር እኛ ልጆች ከሩቁ ስናየው እንሸሽ ነበር። አባቴ ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለስ ጂፑን እንደ ወትሮው አያጥባትም ነበር፤ አቁሟት ይገባና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። እናቴ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ውሃ ታስታጥበዋለች፣ አብራው ግን አትቆርስም። እኛ ቤት ሰው ብቻውን በልቶ አያውቅም ነበርና እኔ በሁለቱ መሀል መሶቡን እያየሁ ቁራሼን በእጄ ይዤ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ተነጋገሩ።

«ምን ላድርግ ነው የምትይው?» አላት።

«እኔ ምን አልኩህ?» አለችው።

«ሜዳ ላይ ብንጣል እኛም ከቅጥሩ ጥግ ካሉት ጋር ነው የምንቀመጠው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «እንቀመጣለን።»

የካቲት ላይ፣ ለአምስተኛው ጉዞ፣ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ጂፑ ተጭና በር ላይ ቆማ ሳለ፣ እናቴ ጋቢ አልብሳኝ፣ እጄ ላይ በጨርቅ የቋጠረችውን ዳቦ ቆሎ አስይዛኝ፣ እጄን ጎትታ ወጣችና ከጆንያዎቹ ላይ አስቀመጠችኝ። ባሻ ደምሴ ዞር ብሎ አየን። አባቴ ማስነሻውን ብረት ከፊት ሊያዞር አጎንብሶ ነበር፤ ቀና አለ።

«የሺ፣ ምን ማድረግሽ ነው? መንገዱ እኮ...»

«ልጅህ ናት፤ አብራህ ትሂድ» አለችው። «አንተ የምታየውን እሷም ትይ። ስትመለሱ አብሮህ የሚያወራ ሰው ይኖርሃል።»

አባቴ፣ «ጋቢውን አጥብቂላት፤ ላይ ብርድ ነው» ብቻ አለ።

ፀሐይ ስትወጣ ወደ አቀስታ የሚወስደውን አቀበት ይዘን ነበር። ከጆንያው ላይ ሁሉ ነገር ይታየኝ ነበር፤ ግራና ቀኙ የደረቀ ማሳ፣ ከዚያ በላይ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ በላይ ብርድና ድንጋይ። በመንገዱ ዳር ሰው ነበር። አንድ አንድ፣ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚሄድ፣ የሚቀመጥ፣ የተኛ። ጂፑ ስትቀርብ ወደ ዳር ይወጣሉ፣ ስናልፍ አቧራው ይሸፍናቸዋል። ዳቦ ቆሎዬን ከፍቼ እበላ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ፣ ጠዋትም ነበር፣ ርቦኝ ነበር።

ከተነሳን ሁለት ሰዓት ያህል ሆኖን አንድ ጠመዝማዛ ስንዞር መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አየን። ከድንጋዩ ኋላ፣ በመንገዱ ስፋት ሙሉ፣ ሰዎች ተቀምጠዋል። ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤ የእሑድ ቅዳሴን ያህል ሰው ይመስለኛል። ማንም ዱላ አልያዘም፣ ማንም አልጮኸም። አባቴ ፍሬኑን ያዘ፣ ተሳቢዋ ከኋላ ገፋችን፣ ጂፑ ከመጀመሪያው ድንጋይ አንድ ክንድ ርቃ ቆመች።

ባሻ ደምሴ ወርዶ ጠመንጃውን አቀባበለ። «መንገዱን ልቀቁ!»

ከመሀል አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። ሙስበሃቸው፣ መቁጠሪያቸው፣ በእጃቸው ላይ ተጠምጥሞ ነበር። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፤ ለጥይቱም ለእኛም እኩል ሰላምታ የሰጡ ይመስል ነበር። «ወላሂ ልጄ፣ መንገድ አልዘጋንም። ደክሞን ነው የተቀመጥነው። እናንተ እለፉ፤ እኛ ግን መነሳት አቅቶናል።»

ባሻ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «አስነሳና ንዳ! ሲያዩህ ይነሳሉ» አለው።

ከፊት ረድፍ እናቷን ተደግፋ የተቀመጠች በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ነበረች። ጆንያዎቹን አይደለም የምታየው፤ አፌን ነበር። አፌ ሙሉ ነበር። መዋጥም መትፋትም አቅቶኝ፣ ጉንጬ እንዳበጠ፣ ሳላኝክ ተቀመጥኩ። አባቴ አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ፣ ቀጥሎ እኔ የማየውን አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው።

ነፋሱ ብቻ ቀረ። አባቴ ወርዶ፣ የተጎዳ ወገቡን ይዞ ከጂፑ ሥር ገባ። ብረት በብረት ሁለት ሦስት ጊዜ መታ። ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«የኋላው ሴሚያስ ተሰብሯል» አለ።

እኔ ደነገጥኩ፤ ሴሚያስ ሲሰበር ጥይት እንደተተኮሰ ነው የሚጮኸው፣ ራሱ ነግሮኛል፤ አቀበቱን ስንወጣ ደግሞ ጆሮዬ ከሞተሩ ላይ አልተነሳም ነበር። ምንም አልተሰበረም። አባቴ ግን ቀጠለ፣ የሰው ዓይን ሳያይ፣ መሬቱን እያየ፦

«እንዲህ ሆና ጭነት አትስብም። ባዶዋን ከሆነ በፊት ጎማዎቿ እየጎተተች ትመለሳለች። ከዚያኛዋ ጂፕ ደህናውን አውጥቼ ገጥሜ፣ ከቀትር በኋላ እንመለሳለን። ተሳቢዋ ትፈታ፣ ከላይ ያለውም ጆንያ ይውረድ።»

ባሻ ደምሴ አባቴን አየው፣ ጂፑን አየ፣ ሕዝቡን አየ። ከዚያ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ ወደ እኔ መጣ።

«አንቺ፣ መኪና ትሰሚያለሽ ይሉሻል። ሲሰበር ሰምተሻል?»

አፌ ውስጥ ያለውን እንዴት እንደዋጥኩት አላስታውስም። «ሰምቻለሁ» አልኩ።

«በጊዮርጊስ በይ።»

የቄስ ልጅ ልጅ ነኝ። ከሞት ይልቅ የሐሰት መሐላ የሚፈራበት ቤት ነው ያደግሁት። አባቴ ከጎማው አጠገብ እንደተንበረከከ አንገቱን አላቀናም፤ ማይ ወይም አትማይ አላለኝም።

«ጊዮርጊስን፣ ሰምቻለሁ» አልኩ።

ጆንያዎቹን አባቴና ባሻ ብቻ አወረዱ። ከተቀመጡት አንድም ሰው አልተጠጋም። ተሳቢዋ ተፈትታ ጎማዋ በድንጋይ ተደገፈ። ባሻ ደምሴ ላቡን ጠርጎ ቆመ። ብቻውን ቢቀር አምስት ጥይትና ይህ ሁሉ ሰው ነው፤ ቢሄድ ደግሞ እህሉ ነው። ወደ ሽማግሌው ሄደና ከፊታቸው ቆመ።

«አባባ፣ ይህን እህል ለእርስዎ አደራ ልተው?»

ሽማግሌው ሙስበሃቸውን አንድ ሁለት ፍሬ ቆጠሩ። «የለም ልጄ» አሉ። «አደራ አልቀበልም። ልጆቼ እየሞቱ አደራ ብቀበል አላህን ዋሸሁት ማለት ነው።»

ባሻ መጥቶ ከአባቴ ጎን ተቀመጠና በሩን ሳብ አደረገ። ባዶዋን ጂፕ ይዘን ወደ መካነ ሰላም ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ያለችውን ሰዓት መቼም አልረሳትም። አባቴ ለቀኛዝማች የሚያሳየው ስባሪ ያስፈልገው ነበር፤ ስባሪው ደግሞ ጎተራው ሥር ወድቆ ዓመት የከረመ፣ ወገቡ ላይ ዝገት የበላው ነበር። ባሻን ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ጂፑን በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ገባና ደህናውን ብረት በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚፈታ ያስመስል ጀመር። እኔ ስባሪውን በጋቢዬ ጠቅልዬ በጓሮ በር ወደ እናቴ ወሰድኩት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ «አባዬ ዝገቱ ይልቀቅ፣ ዛሬ የተሰበረ ይምሰል ብሏል» ብቻ አልኳት።

እናቴ ብረቱን አየች፣ እኔን አየች፣ በበሩ ስንጥቅ ባሻን አየች። ከዚያ እንደ ድስት ጥቀርሻ ልትፍቀው አሸዋና አመድ አምጥታ ተቀመጠች። ያን ያህል ስትፈትግ አይቻት አላውቅም። ጣቶቿ ተቧጥጠው ደማቸው ከአመዱ ጋር ሲቀላቀል በቀሚሷ ትጠርገውና ትቀጥላለች። ውጭ መዶሻው ይመታል፤ መዶሻው ሲቆም እሷም ትቆማለች፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ሲቀጥል ትቀጥላለች። መሀል ላይ ባሻ ተነሳ፤ የእግሩ ኮቴ ወደ ጓዳው ሲቀርብ ሰማን። እናቴ ብረቱን ከቀሚሷ ሥር ከታ፣ ሌላ እጇን ወደ እንስራው ዘርግታ፣ «ሙሉ፣ ለባሻ ጠላ ድገሚላቸው እንጂ! እንግዳ እንዲህ ይቀመጣል?» አለች። በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጣሳውን ሰጠሁት። ከትከሻዬ በላይ ወደ ውስጥ አየ፣ ጠላውን ቁሞ ጠጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ብረቱ እንደ ብር ነጥቶ ወጣ። አባቴ ጥቁር ግራሶ ቀብቶት ከጂፑ ሥር ይዞት ሲወጣ፣ እኔ ራሴ አሁን የተሰበረ መሰለኝ።

ከቀትር በኋላ ተመለስን። ከጠመዝማዛው ስንዞር ድንጋዩ ከመንገዱ ላይ ተለቅሞ ወደ ዳር ወጥቷል። ሰው የለም። ተሳቢዋ እንደቆመች ነው፤ በውስጧ ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ታጥፈው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ላያቸው ላይ ድንጋይ ተደርጎባቸዋል። አንዲት ሴት ብቻ ከአስታው ሥር በጎኗ ተኝታ ነበር፤ አባቴ ሊያነሳት ሲያጎነብስ ነው መሞቷን ያወቅነው። እፍኟ ውስጥ ጥሬ ገብስ ነበረ። ከአፏ አልደረሰም። አባቴና ባሻ በጂፑ አካፋ ጉድጓድ ቆፈሩላት። ባሻ አካፋውን ተደግፎ፣ «ክርስቲያን ትሁን እስላም እንጃ። ምን እንበል?» ሲል፣ አባቴ፣ «የፈጠራት ያውቃታል፤ አፈሩን መልስ» አለው።

ያን ምሽት አባቴና እናቴ በአንድ መሶብ ቀረቡ። እናቴም ቆረሰች።

የሐሰት መሐላዬ እንቅልፍ ነሳኝ። በሦስተኛው ቀን አያቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢማቸውን እየደባበሱ ወደ ቅጥሩ ጥግ፣ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ያዩ ነበር። «መሐላው ሐሰት ነው፤ ሐሰት አይደለም አልልሽም» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ስግደት ስገጂ።» ስግደቱን ስጀምር ጫማቸውን አውልቀው ከጎኔ ቆሙ፤ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ አርባውንም አብረውኝ ሰገዱ።

ቀኛዝማች በእሑዱ መጡ። ስባሪውን አስመጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የተሰበረበትን ፊት በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸውን ሲያነሱ ከስንጥቁ የወጣ ነጭ ነገር ነክቶታል።

«ምንድን ነው ይህ? አመድ ነው?»

እናቴ ከበሩ ላይ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ግራሶውን በአመድ የጠረግሁት እኔ ነኝ ጌታዬ። ልብስዎን እንዳያቆሽሽ ብዬ ነው» አለች።

ቀኛዝማች ወደ ባሻ ደምሴ ዞሩ። ባሻ፣ «ተሰብሯል ጌታዬ። እዚያው ነበርኩ» አለ። ያም ሆኖ ማንንም አልማሩም፤ ባሻን ከወኪልነቱ ሻሩት፣ እኛን ከፋሲካ በኋላ ቦታዬን ልቀቁ አሉን። እናቴ ዕቃ መቋጠር ጀምራ ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ግን አዲስ አበባ ወታደሩ ተነሳ፣ ተማሪው ተነሳ የሚል ወሬ በሬዲዮ ይመጣ ጀመር፤ ቀኛዝማች ለጥቂት ቀን ብለው ወደዚያው ሄዱ፣ ከግቢያቸው ሲወጡ ያየናቸው ለመጨረሻ ጊዜ ሆነ። መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ ተባለ። ያ ክረምት ደህና ዘንቦ ነበርና ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ነው የሰማነው፤ ሰው ሁሉ ደስ ይበለው ይፍራ ሳያውቅ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር።

በሚቀጥለው በልግ መሬት ለአራሹ ታወጀ። ዘማች ተማሪዎች መጥተው የገበሬ ማኅበር አቋቋሙ፤ በገበያው ሜዳ ላይ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። የባላባት ሎሌ የነበረ ሁሉ ይቅረብ ተባለ። ባሻ ደምሴ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ መጣ። ቀጥሎ የአባቴ ስም ተጠራ።

የሚጠይቀው ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር፣ ጢም ገና ያላወጣ። «ጓዶች፣ ወገን በረሃብ ሲያልቅ የሕዝብን እህል ለአድሃሪው እየጫነ የሸጠ ይህ ሰው ነው። ሐሰት ነው?» አለ።

«እውነት ነው» አለ አባቴ። «አራት ጊዜ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እኔ ከእናቴ ጎን ሆኜ ጠበቅሁ፤ አሁን አምስተኛውን ይናገራል ብዬ። ዝም አለ። ልነሳ ስል ከሩቅ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ እናቴም እጄን ያዘች። ተማሪው፣ «የምትጨምረው አለህ?» ሲለው፣ «የለኝም» አለ።

ቀጥሎ ባሻን ጠየቁት። ባሻ ደምሴ ያን ሁሉ ዓመት ያልተናገረውን በአንድ ጊዜ ተናገረ፤ በየካቲት በአቀበቱ ላይ ሙሉ ጭነት ለሕዝብ የለቀቀው እሱ መሆኑን ተናገረ። «ጠመንጃ ነበረኝ፤ አልተኮስኩም። መኪናዋ እንዳልተሰበረች አውቃለሁ፣ ጆሮ አለኝ! እያወቅሁ ትቼው ሄድኩ። እህሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይመር ምስክሬ ነው።»

በዚያ ሰሞን እንደ ባሻ ያለውን ሰው ወስደው የሚያደርጉትን ሁላችንም ሰምተን ነበር። ተማሪው አባቴን፣ «ይህ እውነት ነው? እህሉን የሰጠው እሱ ነው?» አለው። የእናቴ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገባ። አባቴ እዚያው ቆሞ «የለም፣ እኔ ነኝ» ቢል የሚያምነው ሰው ነበር፤ ጂፑም ባልተወሰደችበት ነበር።

አባቴ ባሻን አየው። «እውነቱን ነው» አለ። «እኔ መኪና ነው ያቆምኩት። ባሻ ቢተኩስ ኖሮ አንድ ፍሬ አይነሳም ነበር።»

ባሻን ፈቱት። አባቴን ከዚህ በኋላ የግል መኪና አይኖርህም ብለው ቁልፉን ተቀበሉት። ወደ ቤት ስንሄድ፣ «ለምን አልተናገርክም?» ብዬ ጮኼበት፣ አለቀስኩ። «አንዱን ብናገር አራቱ ይሰረዛሉ?» አለኝ።

ማኅበሩ ለጂፑ ሹፌር አመጣላት፤ በወሩ ቆመች። መጥተው አባቴን ጠሩት፣ ሠራት። እንደገና ቆመች፣ እንደገና ጠሩት። በመጨረሻ እሱኑ ሹፌር አደረጉት፤ የራሱን ጂፕ በደመወዝ እየነዳ፣ ያንኑ አቀበት በተቃራኒው፣ ከደሴ የዕርዳታ ስንዴ ጭኖ ወደ መካነ ሰላም ሲያመጣ ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። በኋላ ለጦር ግንባር ትፈለጋለች ተብላ ሄደች፣ አልተመለሰችም። አባቴ የወፍጮ ሞተር እየጠገነ ኖሮ፣ አርጅቶ፣ አልጋው ላይ ሞተ። ባሻ ደምሴ ለቀብሩ ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ፣ ሳልስቱን አብሮን ተቀምጦ ሄደ።

ዛሬ ያን አቀበት የሚወጣው ሚኒባስ ነው፤ ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ተሳፋሪው ስልኩን እያየ፣ ጠመዝማዛውን ሳያውቁት ያልፉታል፤ እኔም አንዳንዴ የቱ ጠመዝማዛ እንደነበር እጠራጠራለሁ። ወጣት ሳለሁ ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝ አምስተኛውን ጉዞ ብቻ ነበር የምተርከው፤ በዚያ ቀን የቆመውን ሰው ብቻ ነበር አባቴ የምለው። ያኔ እሱ አርባ ያልሞላው ሰው ነበር። እኔ ዛሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት፣ የሦስት ልጆች አያት ነኝ፤ ቤት የማጣትን ፍርሃት፣ ለልጅ ሲሉ ዝም ማለትን በራሴ ኑሮ አይቼዋለሁ። አሁን የልጅ ልጆቼ «የእርስዎ አባት ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ሲሉኝ፣ ከኅዳር እጀምራለሁ፤ የመጀመሪያውን ጭነት ከጫነበት ጠዋት።